የሚዘለል ፎልደር

ሰው ቂሙን በሆዱ ይይዛል ይባላል። ሽቦ ግን ሆዱ ስለሞላበት ትርፉን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ ያውም ብርድ ልብስ ከሚታጠፍበት መደርደሪያ ሥር፣ በአራት ዲስክ፣ በሁለት ፋንና ዕድሜ በጠገበ አንድ ማዘርቦርድ አድርጎ።

ሽቦ የወጣለት ስም ነው። ያወጣለትም የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ፎቶ አንሺው ነው። ፎቶ አንሺው ባለ ሁለት ፎቅ ስቱዲዮ አለው፤ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ከሙሽሮቹ ሁሉ ከፍ ብሎ፣ ጋዋን ለብሶ የተነሳው የራሱ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል። ሽቦ ከዚያ ፎቶ ሥር አሥራ አምስት ዓመት ኮምፒውተር ሲጠግን፣ መብራት ሲያቆም፣ ኬብል ሲስብ ኖረ። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ሲጮህ የከረመ ማሽን እጁ ሲገባ ጡት እንደያዘ ሕፃን ጸጥ ይላል። ይህን ፎቶ አንሺው ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «ይሄ ደግሞ እህቴን ያገባው ሽቦ ጎታቻችን ነው» ብሎ አስተዋወቀው። እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛውም ጎረቤቱም፣ አንዳንዴ ሳታስበው የገዛ ሚስቱም፣ ሽቦ አሉት። የቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ እንኳ እሱ የለበትም፤ መብራቱን የሚይዘው እሱ ነዋ። ባንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የጫማው ጫፍ ይታያል። ከአማቾቹ ጋር የተነሳው ፎቶ ያ ብቻ ነው።

እሱስ ይሁን። ስም ያጎብጣል እንጂ አይገድልም። ሽቦን የገደለው የዲስኩ ነገር ነው።

ነገሩ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። የአንድ ትልቅ ሠርግ ምስል በሙሉ፣ ከሙሽራዋ ጫማ እስከ መጨረሻው ጭፈራ፣ በአንድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽቦ ከምሳ ሲመለስ ዲስኩ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሲሰካው ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ አጥንት ሊቆረጥም የሚታገል ይመስል። ገልበጥ አድርጎ ቢያየው አንዱ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ዲስክ ደግሞ በራሱ እግር ሄዶ አይወድቅም። ከጓዳ የቧንቧ ውሃ ይሰማ ነበርና ዞር ብሎ አየ። ፎቶ አንሺው እጁን ይታጠባል። ታጠበ፣ አደረቀ፣ ተመልሶ ደግሞ ታጠበ። ከዚያ ወጣና ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ በምትጠብቅበት፣ «ዲስኩን የነካኸው አንተ ነህ፤ ጎንበስ በልና ይቅርታ ጠይቃቸው» አለው።

ሽቦ ጎንበስ አለ። ለምን እንዳለ እስከ ዛሬ ራሱን ይጠይቃል። ሚስቱ በዚያን ወር ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ የሚኖሩባት ሁለት ክፍል ቤትም ከስቱዲዮው ጀርባ፣ በፎቶ አንሺው ግቢ ውስጥ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ወገቡ በቀላሉ ይታጠፋል። የሙሽራዋ እናት «እጅህ ይድረቅ» አሉት። ያ እርግማን ሰፈሩን ዞሮ «አጥፊው» የሚል ሁለተኛ ስም ሆኖ ተመለሰ። ራዲዮ ጠግንልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሳይቀር «እንዳታጠፋብኝ» ሳይል አይሰጠውም።

አንድ ሰው ብቻ ምንም አላሉትም፤ አማቱ፣ የፎቶ አንሺው እናት። እሳቸው ከስቱዲዮው በላይ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ነገር አያበዙም፤ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እሁድ ቤተሰቡ ለምሳ ሲሰበሰብ የመጀመሪያውን ቁራሽ ዳቦ ለሱ ማቀበል ጀመሩ። ያውም ፎቶ አንሺው እያየ። ሽቦ ይህን ልብ ብሏል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ደፍሮ አልጠየቀም።

ቂም እንደ ሊጥ ነው፤ ከድነው ካስቀመጡት ኩፍ ይላል። የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ ሽቦ ከስቱዲዮው ዋና ኮምፒውተር ውስጥ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ። ገና ቀጭ አላለም፤ ግን ሲነሳ ያቃስታል። በአክብሮት ገብቶ፣ ጋሼ፣ ሥራው ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይኑረን፣ ከአሮጌ ዕቃ ሥራውን እየገለበጠ የሚያኖር ሰርቨር ልሥራልዎ አለ። ፎቶ አንሺው ከሚያየው ምስል ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«ስምንተኛ ክፍል ደግሞ ባክአፕ ሊያስተምረኝ ነው? ሂድ፣ አምፖሉን ቀይር።»

አምፖሉን ቀየረ። መሰላሉ ላይ እንደቆመ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ይህ ዲስክ ይሞታል። ዘንድሮ ባይሆን ለዓመት፣ ለዓመት ባይሆን ለከርሞ። ሲሞት የሰው ሁሉ ሠርግ፣ የሰው ሁሉ ልጅ፣ የስቱዲዮው ስምም አብሮ ይቀበራል። በዚያን ቀን በከተማው ውስጥ ቅጂው ያለው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ? ያ ሰው፣ እሰጥሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ያንን ዲስክ ማን እንደጣለው እናትህ ፊት ተናገር ቢለውስ?

የፈለገው ይኸው ነው፤ ሌላ አልፈለገም። የተሸከመውን ስም የጫነበት ሰው ራሱ፣ በገዛ አፉ እንዲያወርድለት።

ባለ ካሬ ደብተር ገዝቶ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ማቀድ ጀመረ። ሌላው ሰው ለበቀል ዱላ ይመርጣል፤ ሽቦ ዲስክ መረጠ። አራት ይሁኑ አለ፤ ሁለት ሁለቱ መንትያ ሆነው፣ አንዱ የያዘውን ሌላውም እንዲይዝ፣ አንዱ ቢሞት ወንድሙ እንዲቆም። አራቱንም ከአንድ ሱቅ አልወሰደም፤ በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ዲስኮች በአንድ ሳምንት ተከታትለው ሲሞቱ አይቷልና ከአራት ቦታ ለቀማቸው። ሳጥኑን ከቢሮ ከተጣለ ኮምፒውተር አገኘ። ፋኖቹ ጩኸታቸው እንዳያሳብቅበት ትልልቆቹንና ዝግ ብለው የሚዞሩትን መረጠ። ዲስኮቹ እንዳይንቀጠቀጡ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ከሥራቸው አነጠፈ። የቁም ሳጥኑን ጀርባ በመሰርሰሪያ ከታችም ከላይም በስቶ አየር መግቢያና መውጫ አበጀለት። የተማሩት ይህን በመጽሐፍ ያውቁት ይሆናል፤ እሱ ያወቀው ሌሎች ያበላሹትን ሲጠግን ነው።

ሚስቱ አንድ ቀን ብርድ ልብስ ልታወጣ ከፍታ እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«ይሄ ቁም ሳጥን ትኩሳት አለው እንዴ?»

«ብርድ አልችልም ስትዪ አልነበር? አሞቅሁልሽ።»

ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፤ የሥራ ዕቃ ነው ብሎ አለፈው። የቀረውን አልነገራትም። ሚስት ብትሆንም የወንድሟ እህት ናት።

የቀረው ኬብሉ ነበር። ከስቱዲዮው ጀርባ ተነስቶ፣ የዝናብ አሸንዳውን ተከትሎ፣ በመስኮቱ ጥግ ወደ ቤቱ ይገባል። ሽቦ ያንን የዘረጋው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ፎቶ አንሺውም በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣ ቁልቁል ያየዋል። ምን እየሠራህ ነው አላለውም። ሽቦ ሽቦ ሲጎትት ማን ይጠይቃል? የወጣለት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቱዲዮው በተዘጋ ቁጥር ሰርቨሩ የዕለቱን ሥራ እየጠባ ያስገባል። የተበላሸ ፋይል ደህናውን እንዳይበላው የወሩን አሮጌ ቅጂ ለብቻ ያኖራል። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሽቦ አንድ ሠርግ እንደ ዕጣ ያወጣና መልሶ ይከፍተዋል፤ ሙሽራው ስቆ ካየ፣ ኬኩ ተቆርጦ ካየ ይዘጋዋል። ያልተሞከረ ቅጂ የተስፋ ዳቦ ነው ይል ነበር፣ ለራሱ፤ ሌላ የሚለው ሰው ስላልነበረው።

በዚያ ሁሉ ዕቅድ ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ለሥራው ሳይሆን ለሆዱ ተጻፈች። ዋናው ኮምፒውተር ላይ «ቤት» የሚል ፎልደር ነበር። ከፈት አድርጎ አየው፤ የፎቶ አንሺው ምረቃ፣ የፎቶ አንሺው መኪና፣ የፎቶ አንሺው አዲስ ሳሎን፣ ፎቶ አንሺው በጥቁር መነጽር። ሦስት ገጽ አይቶ በቃኝ አለ። ደንበኛው ምን በደለ፣ የሰው ሠርግ ይትረፍ። የሱ ግን ይቃጠል፤ ባዶ እጅ መቅረት ምን ምን እንደሚል ይቅመሰው። ሰርቨሩ እንዲያልፋቸው የታዘዙ ፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ «ቤት» ብሎ ጻፈ፤ ደብተሩ ላይም «የሚዘለል» ብሎ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት። ከዚያ ተነስቶ እጁን ታጠበ። አቧራ ነበረበት።

ሰርቨሩ ሥራ ከጀመረ ዓመት ሲያልፈው ፎቶ አንሺው ካሜራ ይዞ እናቱ ክፍል ገባ። በዕድሜያቸው ያዩትን ሲያወሩ ሊቀርጻቸው ነው፣ ለልጅ ልጅ እንዲቀር። ለመብራቱ ማራዘሚያ የዘረጋው እንግዲህ ሽቦ ነው። ሁለት ቀን ጥግ ይዞ ሰማ። ስለ ድሮ ጎረቤቶቻቸው አወሩ፤ የሟች ባላቸው ማንኮራፋት የመስኮት መስታወት ያንቀጠቅጥ እንደነበር ሲናገሩ ሽቦ ሳቁ እንዳይቀረጽ አፉን በእጁ ያዘ። በሦስተኛው ቀን ፎቶ አንሺው በር ላይ አስቆመው።

«መብራቱን አብራና ውጣ። የዛሬው የቤተሰብ ነገር ነው።»

የቤተሰብ ነገር። እህቱን ያገባ፣ ሁለት የእህት ልጆች የሰጠው ሰው። ሽቦ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያንን ቃል አኘከ፤ ሲያኝክ ሰነበተ። ሌላ ነገር የሚያስብበት ቦታ ራሱ ውስጥ አልተረፈም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አማቱን ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፣ ቀኝ እጃቸውም በከፊል፤ አንደበታቸው ግን አልተመለሰም። እሁድ ዳቦውን አሁንም ያቀብሉታል፤ በግራ እጃቸው፣ ያለ ቃል።

ዋናው ኮምፒውተር የሞተው በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሽቦ ልቡ ሲጨፍር ፊቱን እንደ ቀባሪ አጠቆረ። ፎቶ አንሺው ዲስኩን በፎጣ ጠቅልሎ ከተማውን አካለለ፤ ያላንኳኳው ባለሙያ የለም። አንዱ ከፍቶ አሳየው፤ ገጹ እንደ ምጣድ ቂጥ ተቧጥጧል። ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም አለው። ደንበኞች ይደውላሉ፣ እሱ ስልኩን ያጠፋል። ዓርብ ከሰዓት ሲጨንቀው ሽቦ ዘንድ መጣና አንተስ ምን ትላለህ ብሎ ጠየቀው።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ ስምንተኛ ክፍል ነኝ» አለው ሽቦ።

ያችን መልስ ሁለት ዓመት ሲቀምራት ኖሯል። እስከ እሁድ ምላሱ ላይ ጣፈጠችው።

እሁድ ምሳው እኛ ቤት ይሁን ብሎ ሚስቱን አስደገሰ። ልጆቹ በልተው ውጭ ወጡ። አማቱ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ፎቶ አንሺው ከጠረጴዛው ማዶ፣ የበላው ነገር ሳይኖር። ሻይ ሲቀዳ ሽቦ ተነሳ፤ የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ አልጋው ላይ አወረደ።

«ሁሉም እዚህ አለ» አለ።

ፎቶ አንሺው መጀመሪያ አልገባውም። ሽቦ ሳይቸኩል አስረዳው፤ አሸንዳውን ተከትሎ የሚመጣውን ኬብል፣ መንትዮቹን ዲስኮች፣ የሁለት ዓመቱን ሥራ፣ ከሐሙሱ ዋዜማ ረቡዕ የተነሳው ሳይቀር መኖሩን። ሚስቱ የሻይ ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። ፎቶ አንሺው ዘሎ ሊጠጋ ሲል ሽቦ በሩን በክርኑ መለስ አደረገው።

«አይቸኩሉ ጋሼ። መጀመሪያ ያንን ዲስክ ማን እንደጣለው እማማ ፊት ይናገሩ።»

«የቱን ዲስክ?»

«ያውቁታል።»

ፎቶ አንሺው ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። «አንተ ሽቦ፣ በስንት ዓመቱ? የተማረ ሰው ይረሳል እኮ።»

«እርስዎ ተምረው ረሱ። እኔ ስላልተማርኩ አልረሳሁም።»

ሚስቱ ጣልቃ ገባች፤ ወንድሜን በቤቴ አታዋርድብኝ፣ ከፈለግህ ሌላ ቀን ተነጋገሩ አለች። ሽቦ ዞሮም አላያት። ዓይኑ የፎቶ አንሺው አፍ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ወደ እናቱ አየ። እናቱም ያዩታል፤ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ክርኔ ነካውና ወደቀ። ሰዎቹ በር ላይ ደርሰው ነበር፣ ፈራሁ። አንተ ደግሞ ከምሳ ገባህ።»

በቃ፣ ይህቺው ናት። ሽቦ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀ። መጣም፤ ከእግሩ ጀምሮ ሞቀው፣ ያኔ የታጠፈው ወገቡ ቀና ሲል ተሰማው። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛለች። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ከማሽኑ ጎን ያቆመውን ስክሪን ወደ ፎቶ አንሺው አዞረለት። ይኸው የሰው አደራ፣ አንድም አልጎደለ፣ ይቁጠሩት አለው።

ፎቶ አንሺው ሠርጎቹን አላያቸውም። ዝርዝሩን ወደ ታች ወሰደው፣ ወደ ላይ መለሰው፣ ደግሞ ወደ ታች።

«ቤት የሚለው የታለ?»

ሽቦ የቁም ሳጥኑን በር ለቀቀ።

«ሠርጉን ተወው፣ ለሠርጉ ሰውን ይቅርታ እለምናለሁ። የእማዬ ድምፅ ነው። ሦስቱም ቀን ያለው ቤት ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም።»

በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ሽቦ ሁለት መንገድ ታየው። ኬብሉ ተቋርጦ ነበር፣ ማሽኑ ሳተው ቢል ማንም ክፉ አይለውም። አጥፊው ነው የሚሉት። ገና አሁን፣ ሻዩ እንኳ ሳይቀዘቅዝ የወረደለት ስም ተመልሶ ትከሻው ላይ ጉብ ይላል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ አጥፊ አይባልም፤ የሚባለው ሌላ ነው። ሽቦ ሌላውን መረጠ።

«የኔ ማሽን አይስትም» አለ። «እለፈው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእርስዎ ስለሆነ እንዲቃጠል።»

ሚስቱ ማንኪያውን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠች።

ፎቶ አንሺው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ቀስ ብሎ ተቀመጠና በሦስተኛው ቀን ለምን እንዳስወጣው ነገረው። እናቱ በዚያን ቀን ወደ ካሜራው እያዩ ያወሩት ስለ ሽቦ ነበር። ዲስኩን የጣለው ልጄ ነው፣ አማቼ አይደለም ብለዋል። ማንም የነገራቸው የለም። ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሰብሮ ሲመጣ ማንም ሳያዘው እጁን ይታጠባል፤ ያን ቀንም ወደ ላይ ወጥቶ ምግብ ሳይቀርብ ሦስት ጊዜ ታጥቧል። ይህን ተናግረው፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ራስህ ንገረው፣ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ ብለውት ነበር። ስትሮኩ ቀደማቸው።

«ላጠፋው ስንት ጊዜ ከፈትኩት» አለ ፎቶ አንሺው። «ድምጿ ስለሆነ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ሳታየው አቃጠልከው።» ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። «እኔ ጣልኩ፣ አንተ ዘለልክ። እንግዲህ እኩል ነን።»

ሽቦ በሕይወቱ ብዙ ስድብ ጠጥቷል፤ እንደዚህች ቃል ያቃጠለው የለም። እሱ የፈለገው በላይ መሆን ነበር፤ ለአንዲት እሁድ ብቻ፣ ከዚያ ባለ ጋዋን ፎቶ በላይ። እኩል ለመሆንማ አራት ዲስክ ምን አስለቀመው?

የሚመልሰው ሞልቶ ነበር። ያኔ ባትዋሽብኝ ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን ባታስወጣኝ ኖሮ፣ ቅጂ ይኑረን ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ። ሁሉም እውነት ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ማሽኑ ዝግ ብሎ ያንጎራጉራል። በደንብ የተሠራ ማሽን ነው፤ የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል ፈጽሟል።

ተነሳ። የት እንደሚሄድ ሳያስብ ጥግ ወዳለው ቧንቧ ሄዶ ከፈተው። ውሃው ይቀዘቅዛል። ታጠበ፣ እጁን በሱሪው አደረቀ፣ እንደገና ከውሃው ሥር አደረገው። ያኔ አንድ ነገር ጀርባውን ወጋ አደረገውና ዞር አለ። አማቱ ከመስኮቱ ወንበር ላይ ሆነው ያዩታል። የሚያዩት ግን ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው።